ፔዳል የሌለው የልጆች ሳይክል (ባላንስ ባይክ)፦ እንደ እናትም እንደ ኬጂ መምህርትም ያየሁት

ብዙ ወላጅ ስለሚጠይቀኝ አንዴ ዘርዘር አድርጌ ልጻፈው ብዬ ነው። ባላንስ ባይክ የሚባለውን ፔዳል የሌለው ትንሽዬ ሳይክል ለልጄ ከገዛሁለት ቆይቷል፣ የማስተምርበት ኬጂ ደግሞ ሁለት ተገዝቶ የ3 እና የ4 አመት ልጆች ይነዱታል፣ ስለዚህ አንድ ልጅ ላይ ብቻ አይቼ አይደለም የማወራው። ባጭሩ ለዚህ እድሜ ከገዛኋቸው እቃዎች ሁሉ ብሩ ጭራሽ ያልቆጨኝ ይሄ ነው። ግን ሁሉም አይነት ጥሩ ነው ማለት አይደለም፣ ገበያ ላይ ያለው አንዳንዱ ለልጅ ጭራሽ የማይሆን ነው፣ ሰፈራችሁም ይወስነዋል።

ለማያውቀው፣ ነገርየው ሁለት ጎማ፣ መሪና ኮርቻ ነው፣ በቃ። ፔዳል የለውም፣ ካቴና የለውም፣ ከኋላ ግራና ቀኝ የሚገጠመው ደጋፊ ጎማም የለውም። ልጁ ኮርቻው ላይ ተቀምጦ መሬቱን በእግሩ እየገፋ ይሄዳል፣ ፍጥነት ሲያገኝ ሁለቱንም እግሩን ያነሳና ዝም ብሎ ይንሸራተታል። እናቴ መጀመሪያ ስታየው "ልጄ፣ ፔዳሉን ሳይሰጡሽ ነው እንዴ የመጣሽው?" ነበር ያለችኝ፣ ብዙ ሰውም እንደዛ ነው የሚለው። ግን ሳይክል ራሱ ሲጀመር እንዲህ ነበር፣ ካርል ድራይስ የሚባለው ጀርመናዊ እ.ኤ.አ በ1817 ማንሃይም ላይ ያወጣው ባለሁለት ጎማ ፔዳል አልነበረውም፣ በእግሩ እየገፋ ነው የሄደው፣ ፔዳል የመጣው ከ40 አመት በላይ ቆይቶ በ1860ዎቹ ፈረንሳይ ውስጥ ነው። ይሄን የማነሳው ሚዛን መጠበቅና ፔዳል መምታት ሁለት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን ስለሚያሳይ ነው። ከሁለቱ ከባዱ ደግሞ ሚዛኑ ነው፣ ፔዳል መምታቱንማ ባለሶስት ጎማ ላይ የ3 አመት ልጅም ይችለዋል።

እኛ ሀገር የለመድነው ደጋፊ ጎማ ያለውን ነው። ልጁ ደስ ብሎት ይነዳል እኛም ሳይክል ለመደ እንላለን፣ ግን ደጋፊው ሳይክሉ ወደ ጎን እንዳያዘነብል ስለያዘው ልጁ ስለ ሚዛን ምንም አልተማረም። ባለሁለት ጎማ ላይ ሳይወድቁ የሚቆየው ወደሚወድቁበት ጎን መሪውን ትንሽ ዞር በማድረግ ነው፣ ኩርባ ላይ ደግሞ ሰውነት ወደ ውስጥ ዘንበል ይላል፣ ይሄን ለ3 አመት ልጅ በአፍ ማስረዳት አይቻልም፣ ሰውነቱ እየተንገዳገደ ራሱ ነው የሚያገኘው። ደጋፊ ጎማ ላይ ግን የሚለምደው ከዚህ የተለየ ነገር ነው፣ ከዛ አንድ ቀን ጎማው ይወልቅና እንደገና ከዜሮ፣ አባትየው ኮርቻውን ከኋላ ይዞ ወገቡ እስኪቆረጥ ይሮጣል ልጁ ያለቅሳል። ፖርቹጋሎች ሰዎችን ጠይቀው አጥንተው እ.ኤ.አ በ2022 ያወጡት ጥናት አለ፣ በባላንስ ባይክ የጀመሩት በደጋፊ ጎማ ከጀመሩት በአማካይ ከአንድ አመት በላይ ቀድመው ነው ብቻቸውን ሳይክል መንዳት የቻሉት። እኔም ልጄ ላይ ያየሁት ከዚህ አይርቅም።

አሁን ሰው የማይነግራችሁን ልንገራችሁ፣ መጀመሪያ አካባቢ ልጁ ጭራሽ ላይነዳው ይችላል። ኮርቻው ላይ እንኳን አይቀመጥም፣ ሳይክሉን በእግሮቹ መሃል አድርጎ መሪውን ይዞ ቆሞ ይራመዳል፣ አንዳንዱ ደግሞ ይጥለውና ጎማውን በእጁ ሲያሽከረክር ይውላል። ተዉት። ይሄ ትክክለኛው መንገድ ነው። ቀጥሎ ተቀምጦ መራመድ ይመጣል፣ ከዛ እርምጃው እየረዘመ ይሄዳል፣ ከዛ ሩጫ፣ ከዛ ባልጠበቃችሁት ሰአት እግሩን ያነሳል። አንዱ በሳምንት ይደርሳል ሌላው ወራት ይፈልጋል፣ ሁለቱም ጤነኛ ልጅ ነው። የወላጅ ስራ ከኋላ መግፋት ወይም ኮርቻውን መያዝ አይደለም፣ ህጻን ሊቆም ሲል "ወፌ ቆመች" እያልን እጃችንን ዘርግተን ከፊቱ እንደምንጠብቀው ብቻ ነው። ከገፋችሁት ሚዛኑን የምትጠብቁት እናንተ ሆናችሁ ማለት ነው፣ ልጁም የሚወደው ፍጥነቱን ራሱ ስለሚወስን ነው። ሲፈራ እግሩን መሬት ላይ ያሳርፋል፣ አለቀ።

ኬጂ ውስጥ ያለው ነገር ደግሞ ለብቻው ሊጻፍ ይገባዋል። ግቢያችን ጠባብ ነው፣ ልጁ ብዙ ነው፣ ሳይክሉ ሁለት ነው፣ ስለዚህ ዙር ሰርተን ነው የምንጠቀመው። በጠመኔ ሲሚንቶው ላይ ጠመዝማዛ መስመር እናሰምራለን፣ ባዶ የሃይላንድ ፕላስቲክ አሸዋ ሞልተን በመሃል በመሃሉ እናቆማለን ልጁ በመካከላቸው እየተጠማዘዘ ይነዳል፣ "ቀይ መብራት" ስንል ይቆማል "አረንጓዴ" ስንል ይሄዳል። ተራ የሚጠብቁት ቁጭ አይሉም፣ አንዱ ጥግ ሰኞ ማክሰኞ አለ፣ አንዱ ጋር መሬት ላይ የተዘረጋ ገመድ ላይ እየተራመዱ ይሄዳሉ፣ አንዱ ጋር ከካልሲ የተሰራ ኳስ ቅርጫት ውስጥ ይወረውራሉ። ሳይክሉ የሚስባቸው ማግኔት ነው፣ ግን ቆም ብላችሁ ካያችሁት የቀሩት ጨዋታዎች ናቸው ግማሹን ስራ የሚሰሩት። አንድ ልጅ ነበር ደረጃ ሲወርድ ሁለቱንም እግሩን አንድ ደረጃ ላይ እያሳረፈ ግድግዳ ይዞ የሚወርድ፣ ሩጫ ሲባል ጥግ የሚይዝ፣ ቀስ እያለ በሳይክሉ ተማምኖ አሁን ሰኞ ማክሰኞ ላይ በአንድ እግሩ ይዘላል። በሳይክሉ ብቻ ነው አልልም፣ ልጅ በራሱም ያድጋል፣ ግን መንቀሳቀስ መውደድ የጀመረው እዛ ላይ ነው።

እዚህ ላይ የሆዴን ልናገር። ኬጂ ውስጥ ወላጅ ሲመጣ የሚጠይቀኝ "ልጄ ለምን እስካሁን ሀ ሁ አይጽፍም፣ እገሌ ጋር የሚማረው ይጽፋል" ነው። "ልጄ በአንድ እግሩ መቆም ይችላል ወይ፣ ኳስ ይቀልባል ወይ" ብሎ የጠየቀኝ ወላጅ ግን አላስታውስም። ልጅ እርሳስ በደንብ እንዲይዝ እኮ ትከሻውና ወገቡ መጠንከር አለበት፣ ወንበር ላይ ቀጥ ብሎ መቀመጥ ያቃተው ልጅ ጠረጴዛው ላይ ተኝቶ ነው የሚጽፈው፣ እጁ ቶሎ ይደክመዋል፣ እኛ ደግሞ ሰነፍ እንለዋለን። የአለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ በ2019 ያወጣው መመሪያ ከ3 እስከ 4 አመት ያለ ልጅ በቀን ቢያንስ 180 ደቂቃ መንቀሳቀስ አለበት ይላል፣ ከዛ ውስጥ 60 ደቂቃው ልቡ ቶሎ ቶሎ የሚመታበት ጠንከር ያለ እንቅስቃሴ መሆን አለበት፣ ስክሪን ከ1 ሰአት አይበልጥም፣ እንቅልፍ ከ10 እስከ 13 ሰአት። አሁን የአዲስ አበባን ልጅ ቀን አስቡት፣ ጠዋት ሰርቪስ ውስጥ ትራፊክ ላይ፣ ከዛ ዴስክ፣ ከዛ ሰርቪስ፣ ከዛ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ቲቪ ወይም ስልክ። 180 ደቂቃ ከየት ይመጣል? የኛ ልጅነት ላይ ማንም አይቆጥርልንም ነበር፣ አባሮሽ ኩኩሉ ሱዚ ጎማ መንዳት እያልን ነው የምንውለው፣ አሁን ያ ሜዳ ፎቅ ተሰርቶበታል።

ወደ እቃው ልመለስ። ስትገዙ መጀመሪያ የምታዩት ቀለሙን ሳይሆን የኮርቻውን ከፍታ ነው። ልጁ ጫማውን አድርጎ ግድግዳ ተደግፎ ይቁምና ከእግሮቹ መጋጠሚያ እስከ መሬት በሜትር ለኩት፣ የኮርቻው ዝቅተኛ ከፍታ ከዛ 2 ወይ 3 ሳንቲሜትር ማነስ አለበት። ሲቀመጥ ሁለቱም የእግሩ መዳፍ ሙሉ በሙሉ መሬት መንካት ጉልበቱም ትንሽ መታጠፍ አለበት። በጣቱ ጫፍ ብቻ የሚነካ ከሆነ "ያድግበታል" ብላችሁ እንዳትገዙ፣ ልብስ አይደለም፣ ከፍ ያለ ኮርቻ ላይ ልጁ ፈርቶ በቃኝ ይላል። ለ3 አመት ልጅ ባለ12 ኢንች ጎማው ነው አብዛኛውን ጊዜ የሚሆነው።

ሁለተኛው ክብደት ነው። የ3 አመት ልጅ 14 ኪሎ አካባቢ ነው፣ ሳይክሉ ከዛ ሲሶ እንኳን ከሆነ ከብዶታል፣ ስለዚህ 4 ኪሎና ከዛ በታች ፈልጉ። ትምህርት ቤታችን መጀመሪያ የመጣው አንዱ ሳይክል ወፍራም ብረት ነበር፣ ሲወድቅ ልጆቹ ብቻቸውን ማንሳት አይችሉም፣ ቡሎኖቹ ወደ ውጪ ወጥተው እግራቸውን ይቧጭራቸው ነበር፣ ብየዳው ላይም ሹል ነገር ነበረው። ሻጩ ጋር ሲመለስ "ሁሉም እንደዚህ ነው" ብሎ ነው የመለሰው፣ ሁሉም ግን እንደዚህ አይደለም። ሱቅ ውስጥ እያላችሁ እጃችሁን ፍሬሙ ላይ አሂዱበት፣ ቡሎኖቹ ክዳን ይኑራቸው፣ የመሪው እጀታ ጫፉ ወፈር ያለ ይሁን ምክንያቱም ልጅ ሲወድቅ ሆዱንም ፊቱንም የሚያገኘው እሱ ነው። ኮርቻውን ከፍ ስታደርጉ ብረቱ ላይ ያለችውን የመጨረሻ መስመር እንዳታልፉ።

ጎማው ላይ ሰው ይከራከራል። ፎም የሆነው አየር አይፈልግም፣ አይተነፍስም፣ ቀላል ነው፣ ቤት ውስጥና ሊሾ ላይ ምንም አይልም። ግን ሰፈራችሁ ኮብልስቶን ከሆነ ፎሙ ልጁን ያንቀጠቅጠዋል፣ እጁ ይደነዝዛል፣ ዝናብ ሲሆን ደግሞ ያዳልጣል። አየር ያለው ትንሽ ይከብዳል፣ አልፎ አልፎ ጎሚስታ ጋር መሄድ አለ፣ ግን ለኛ መንገድ እሱን ነው የምመርጠው። የልጄ አየር ያለው ነው፣ ከዱባይ በሰው ያስመጣሁት፣ የትምህርት ቤቱ ፎም ነው፣ ልዩነቱ ኮብልስቶን ላይ ወዲያው ይታያል።

ፍሬን አብዛኛው የለውም፣ የሚያቆመው በእግሩ ነው። ሜዳ ላይ ይሄ ችግር የለውም፣ እንደውም የዚህ እድሜ ልጅ እጁ ፍሬን ለመጨበጥ ገና ነው። ቁልቁለት ላይ ግን በፍጹም። ሰፈራችሁ ሽሮሜዳ ምናምን ተዳፋት ላይ ከሆነ ቤታችሁ በር ላይ እንዳትለቁት፣ ሳይክሉ ልጁ ከሚሮጠው በላይ ከፈጠነ እግሩን ማሳረፍ አይችልም። ሄልሜት ከመጀመሪያው ቀን አድርጉለት፣ ከለመደው ኋላ አያስቸግራችሁም፣ እና ጫማ፣ ሰንደል በፍጹም፣ የጫማው ጫፍ ደግሞ ቶሎ ያልቃል ስለዚህ አሮጌውን ለሳይክል አድርጉት።

ቦታ ነው ዋናው ጥያቄ። እኛ ኮንዶሚኒየም ግቢ ውስጥ መኪና ሳይገባ ጠዋት ጠዋት ነው የምንነዳው፣ እሁድ ደግሞ መስቀል አደባባይ እንወስደዋለን ሰፊ ነው ሌላም ልጅ ስለሚነዳ ያያል ይማራል። በ2011 ዓ.ም የተጀመረው "መንገድ ለሰው" መንገዱ ለመኪና ሲዘጋ ለዚህ እድሜ ልጅ ከዛ የተሻለ ነገር የለም። የኮሪደር ልማቱ ያመጣቸው ሰፋፊ የእግረኛ መንገዶችና አደባባዮችም ጥሩ ናቸው፣ የሳይክል መስመሩ ግን ትልልቅ ሰው በፍጥነት የሚነዳበት ስለሆነ ለ3 አመት ልጅ አልመክርም። እነዚህ አጠገባችሁ ከሌሉና ግቢም ከሌላችሁ እውነቱን ልንገራችሁ፣ ብራችሁን አታውጡ፣ በረንዳ ላይ ቆሞ አቧራ ይጠጣል።

ሌላው መታወቅ ያለበት ሳይክሉ ሁሉን ነገር አይሰጥም። ሚዛን ይሰጣል፣ እግርና ወገብ ያጠነክራል፣ ከፊት ያለውን አይቶ ቶሎ መወሰን ያስተምራል። መወርወር መቅለብ መዝለል መንጠልጠል ግን እዛ ውስጥ የለም። ልጄ ሳይክሉን በደንብ እየነዳ ኳስ ሲወረወርለት አይኑን ይጨፍን ነበር፣ የ4 አመት ልጅ ደግሞ ትልቅ ኳስ አብዛኛውን ጊዜ መቅለብ የሚጀምርበት እድሜ ነው፣ ስለዚህ ከካልሲ ኳስ ሰርተን በተናጠል ነው የሰራንበት። የእጅ ጣት ነገርማ ጭራሽ ሌላ ነው፣ ለሱ መጫወቻ መግዛት አያስፈልጋችሁም፣ ዳቦ ስትጋግሩ ሊጥ ስጡት ያድቦልቡል፣ ምስር ይልቀም፣ ዶቃ ክር ላይ ይሰካ፣ የሹራቡን ቁልፍ እናንተ አትቆልፉለት ቸኩላችሁም ቢሆን ጠብቁት። ቅልብሎሽ በአንድ ጠጠር ወደ ላይ ወርውሮ በመቅለብ ይጀመራል፣ አያት ቤት ካለች እሷ ትችልበታለች።

ሴት ልጅ ላላችሁ ለብቻው አንድ ነገር። "ሴት ናት ትወድቅና ፊቷ ላይ ጠባሳ ይቀርባታል" የሚል ነገር ሁሌ እሰማለሁ፣ ወንድሟ ሲነዳ እሷ ቆማ እቃውን ትጠብቃለች። ክፍሌ ውስጥ ዛሬ በጣም የምትነዳው ሴት ልጅ ናት። ከዚህ ሳይክል ላይ መውደቁ ራሱ ቁመቱ ትንሽ ስለሆነ ከባድ አይደለም፣ ጉልበት ይጫራል ይታጠባል ያልፋል። እባካችሁ እኩል ስጧቸው።

ከዎከር ጋር ደግሞ አታምታቱት፣ ሻጮች አብረው ስለሚያስቀምጡ "ለመራመድ የሚረዳ" ይሏችኋል። ዎከር ህጻኑ ገና ሳይራመድ የሚቀመጥበት ነው፣ ለመራመድ አያፋጥንም፣ ከደረጃ ይዞት ይወርዳል፣ ካናዳ እ.ኤ.አ በ2004 መሸጡን ራሱ ከልክላለች። ባላንስ ባይክ በደንብ የሚራመድና የሚሮጥ ልጅ ነው የሚፈልገው። ልጃችሁ 3 አመት አልፎት መሮጥ ካቃተው፣ ሁሌ በጣቱ ጫፍ የሚራመድ ከሆነ፣ ወይም ይችለው የነበረውን ነገር ካቆመ ሳይክል ሳይሆን መጀመሪያ የህጻናት ሐኪም ነው።

ነጥብ ስጪ ካላችሁኝ ከ5 ኮከብ 4 እሰጠዋለሁ፣ አንዱን የቀነስኩት በዋጋው ነው። ፔዳልና ካቴና የሌለው ነገር ከባለፔዳሉ ሲወደድ ያናድዳል፣ እቃው ጥሩ ከሆነ ግን ሁለተኛም ሶስተኛም ልጅ ይነዳዋል፣ ያገለገለ ካገኛችሁም የጎማውን መሃል ነቅንቃችሁ ካልተወዛወዘ ግዙት። ለገንዘቡ ካልሆነላችሁ ግን ሌላ መንገድ አለ፣ ትንሹን ባለ12 ኢንች ተራ የልጅ ሳይክል ግዙና ፔዳሎቹንና ደጋፊ ጎማውን አስወልቁት፣ ኮርቻውን እስከ መጨረሻው ዝቅ አድርጉ፣ የልጁ እግር መሬት ሙሉ በሙሉ ከነካ ያው ባላንስ ባይክ ሆነ፣ ትንሽ ይከብዳል ብቻ። አብዛኛውን ጊዜ የ15 ቁልፍ ይፈታዋል፣ የግራው ፔዳል ግን ጥርሱ የተገላቢጦሽ ስለሆነ ወደ ሰአት አዟዟር ነው የሚፈታው፣ ይሄን ሳያውቁ በጉልበት ሲታገሉት ጥርሱ ይበላል። ልጁ እግሩን አንስቶ ራቅ እስከሚል ድረስ መሄድና ኩርባ መዞር ሲችል ያንኑ ፔዳል መልሳችሁ አስገጥሙለት፣ ደጋፊ ጎማውን ግን እዛው ለሳይክል ሰሪው ተዉለት።